ፔዶማዞማ ምንድን ነው?

ፔዶማዞማ የግሪክ ቃል ነው። «ፔዲ» ልጅ ነው፤ «ማዞማ» ደግሞ መሰብሰብ፣ መልቀም። አንድ ላይ «ልጅ ለቀማ» ልንለው እንችላለን። ግሪኮች መጀመሪያ በዚህ ቃል የጠሩት የኦቶማን ቱርኮችን ግብር ነው። የሱልጣኑ ሰዎች በባልካን የክርስቲያን መንደሮች እየዞሩ ወንዶች ልጆችን ይወስዱ ነበር፤ ያሰልሟቸዋል፣ ከዚያ ጃኒሳሪ ተብለው የሱልጣኑ ወታደር ይሆናሉ።

በ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህ አሮጌ ቃል በግሪክ ጋዜጦች ላይ ተመልሶ መጣ። አሁን ለቃሚዎቹ ቱርኮች አይደሉም፤ የግሪክ ኮሚኒስት ሽምቅ ተዋጊዎች ናቸው። ተቀባዮቹም የሰሜን ጎረቤቶች፦ አልባኒያ፣ ዩጎዝላቪያና ቡልጋሪያ።

የሆነው ይህ ነው። ከ1946 እስከ 1949 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ተዋጊዎቹ የሰሜኑን ተራሮች ይዘው ነበር። በማርች 1948 የእነሱ ጊዜያዊ መንግሥት ከ3 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ወደ «ሕዝባዊ ዲሞክራሲ» (ማለትም ኮሚኒስት) አገሮች እንደሚያሻግር በሬዲዮ አስታወቀ። ወደ 28,000 የሚሆኑ ልጆች ድንበር ተሻገሩ። ቀን የመንግሥት የጦር አውሮፕላን ስላለ ጉዞው በአብዛኛው ሌሊት፣ በእግር ነው። ለሃያ ያህል ልጆች አንዲት የመንደር ሴት ትመደባለች፤ መጠሪያዋም «እናት» ነው። ከድንበሩ ማዶ ልጆቹ ወደ ሩማኒያ፣ ሃንጋሪ፣ ቼኮዝሎቫኪያና ፖላንድ ተከፋፈሉ።

ጠለፋ ነበር ወይስ ማዳን? ሁለቱም ነበር። ቦምብና ረሃብ ፈርተው ልጃቸውን በእጃቸው ያስረከቡ ወላጆች አሉ፤ ተገደው ያስረከቡም አሉ። የግሪክ ንግሥት ፍሬደሪካም በበኩሏ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ከጦርነቱ ቀጠና አንስታ በመጠለያ ሰብስባለች። ያ ግን «ለቀማ» አልተባለም። መጠለያዎቹ «ፔዶፖሊስ»፣ የልጆች ከተማ፣ ተባሉ።

የመንግሥቱ ወገን ጸሐፊዎች ጎረቤቶቻቸውን እንዴት እንደሳሏቸው ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ ቃል የተሻለ መግቢያ የለም ባይ ነኝ። ቃሉ ሥዕሉን ራሱ ይጨርሰዋል። የቡልጋሪያ መንደር ምን ይመስላል፣ በአልባኒያ ዋና ከተማ በቲራና ሰው ምን ይበላል ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። «ፔዶማዞማ» ሲባል አንባቢው ጎረቤቱን በሱልጣኑ ቦታ፣ ልጁን በጃኒሳሪው ቦታ ራሱ ያስቀምጣል። አድገው ይመለሳሉ፣ የገዛ ወላጆቻቸውን ይወጋሉ ይባል ነበር። ቡልጋሪያ ከ1941 እስከ 1944 ከጀርመኖች ጋር አብራ የግሪክን ምሥራቅ መቄዶንያና ትራቄ ይዛ ስለነበር ቁስሉ አልደረቀም፤ ያኔ ኮሚኒስት አለመሆኗን ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው። «ስላቮኮሚኒስት» የሚል ቃል ተበጀ፣ ዘርና ርዕዮት በአንድ ክር ተሰፋ። ተዋጊው ደግሞ «ሲሞሪቲስ»፣ ወንበዴ። በደርግ ዘመን ሬዲዮ ሲሰማ የኖረ ሰው ይህ ቃል እንዴት እንደሚሠራ አስረጂ አይፈልግም። የግሪክ መንግሥት «የወንበዴዎች ጦርነት» የሚለውን በሕግ ትቶ «የእርስ በርስ ጦርነት» ያለው በ1989 ነው።

ሦስቱ ጎረቤቶችም አንድ አልነበሩም። የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶ በ1948 ከስታሊን ጋር ተጣላ፣ በጁላይ 1949 ድንበሩን በተዋጊዎቹ ላይ ዘጋ። «ከሰሜን የሚመጣ አደጋ» እያለ ለሚጽፍ ሰው ይህ ልዩነት አይመቸውም።

በሌላው ወገን እንደ ኤሊ አሌክሲዩ ያሉ ጸሐፊዎች ነበሩ። አስተማሪም ስለነበረች በምሥራቅ አውሮፓ ለስደተኞቹ ልጆች ትምህርት ሠርታለች። በዚህ ወገን ቋንቋ ተቀባዩ አገር አዳኝ ነው፣ ልጆቹም የዳኑ። ጎረቤቱን እንደ ተራ ሰው፣ ጥሩም መጥፎም አድርጎ ማየት ለሁለቱም ወገን ከባድ ነበር።

እኔን ያሳመነኝ ድንበሩ ከተከፈተ በኋላ የመጣ ጽሑፍ ነው። ሶቲሪስ ዲሚትሪዩ በ1993 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ከአልባኒያ የሚዋሰነው የግሪክ ግዛት የኤፒሮስ ሴቶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወረራ፣ በረሃቡ ዘመን እህል ፍለጋ ወደ አልባኒያ ይሻገራሉ። አንዷ እዚያው ትቀራለች፣ ድንበሩ ይዘጋል፣ ዕድሜዋን በኮሚኒስቱ ገዥ በኤንቨር ሆጃ አልባኒያ ትጨርሳለች። የለቀማት የለም፣ ያዳናትም የለም። የተጻፈው በአካባቢው የገጠር አነጋገር ስለሆነ መፈክር የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።

የተለቀሙት ልጆችስ? በ1982 ግሪክ የፖለቲካ ስደተኞች እንዲመለሱ ፈቀደች፤ ፈቃዱ ግን «በዘር ግሪክ» ለሆኑት ብቻ ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ ደግሞ ቤታቸው ውስጥ መቄዶንኛ፣ የስላቭ ቋንቋ፣ የሚናገሩ ነበሩ። እነሱ በ1988 በዩጎዝላቪያ መቄዶንያ ዋና ከተማ በስኮፕዬ ተገናኙ፤ ያኔ ፀጉራቸው መሸበት ጀምሯል፣ የተወለዱበት መንደርም ከድንበሩ ማዶ ነው።