የካምፕ ኑሮ በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ የጋራ መኝታና የግል ቦታ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ የአምቦን መንገድ የያዘ ሰው መጀመሪያ ታጠቅን፣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ደግሞ ሆለታን ያገኛል። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት። መንገደኛው የሚያየው የጦር ካምፖቹን አጥርና በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ነው። አጥሩ ውስጥ ግን ኑሮን የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ በሩን ዘግቶ ብቻውን መሆን የሚችለው ማነው? መልሱ ማዕረግ ነው።

ይህ ከዘመናዊ ጦር ጋር የመጣ አይደለም። በነገሥታቱ ዘመን ጦሩ ሲሰፍር የንጉሡ ድንኳን መሐል ላይ ይተከላል፤ መኳንንቱ በየደረጃቸው ዙሪያውን ይይዛሉ። ተራው ጭፍራ ከሚስቱና ከበቅሎው ጋር በተረፈው ቦታ ይጨናነቃል። አዲስ አበባም ስትቆረቆር መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ተሰጣቸው፣ ጭፍሮቻቸውም በየአለቃቸው አጠገብ ጎጆ ቀለሱ።

የአዳሪ ሥርዓቱ አንዱ መነሻ 1927 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የስዊድን መኮንኖች ሆለታ በሚገኘው የምኒልክ ቤተ መንግሥት የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጣሊያን ብዙ ጊዜ አልሰጠውም። አኗኗሩ ግን ጸንቶ ቆየ፦ አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ ዓይነት አልጋ፣ አንድ የመነሻ ሰዓት።

ምልምል ወታደር የሚያድረው ተደራራቢ አልጋ በተደረደረበት ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። ሴቶች መኝታቸው ለብቻ ነው፤ መጨናነቁ ግን ለእነሱም አይቀርም። ምልምሉ የራሴ የሚለው ነገር ቢኖር ሣጥኑን ነው። እሱም ቢሆን ፍተሻ ሲመጣ ይከፈታል። ዕቃ ከጠፋ ክፍሉ በሙሉ ይቀጣል። መታጠብ በጋራ ነው፤ ገላን መግለጥ ነውር ነው ተብሎ ላደገ የገጠር ልጅ የመጀመሪያው ሳምንት ከሩጫውም ይከብደዋል። ሌሊት አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ይቃዣል፣ ተረኛ ጥበቃው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተቀስቅሶ ጫማውን በጨለማ ይፈልጋል። ቅጽል ስም ሳይወጣለት የሚያልፍ ሰው የለም።

ግድግዳ በሌለበት ሰው ለራሱ ሕግ ያወጣል። ብርድ ልብሱን የተከናነበ አይነካም። ከቤት መርዶ የደረሰው ሰው እስኪናገር ድረስ አይጠየቅም። አለቆች ደግሞ ይህን መተፋፈግ ሆን ብለው ይፈልጉታል። አብሮ ያደረ አብሮ ይዋጋል ይላሉ። እውነት አለው፤ ግን ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ክፍል ያላቸው ናቸው።

ኔልሰን ማንዴላም ይህን ታዝበዋል። በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነበር፤ ኮልፌ ያኔ የከተማ ዳርቻ ነው። ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ምግብ ላይ ሆነው ይመክሯቸዋል፦ ከግዳጅ ውጭ ከተራው ወታደር ጋር እኩል ሁን፣ የሚበላውን ብላ፣ ቢሮህ ተቀምጠህ ለብቻህ አትብላ። በዚሁ መሐል አንድ የበታች ሹም ስለ አንድ መኮንን ሊጠይቅ ገባ። ማንዴላ ኋላ እንዳወሱት፣ ኮሎኔሉ ስበላ አታቋርጠኝ ብለው በቁጣ አባረሩትና ምክራቸውን ቀጠሉ።

ልዩነቱ ከመኝታ አልፎ ውሃና ምግብ ላይ ሲደርስ ግን አገር ያናውጣል። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። የመኮንኖቹ ጉድጓድ ውሃ ነበረው፣ ለተራው ግን ተከለከለ። ወታደሮቹ ጉዳዩን ሊያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ያዙና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። በቀጣዩ ወር አመፁ ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ አየር ኃይል ውስጥ ደረሰ። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ በሚገኘው የአራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ደርግ ተመሠረተ። ረሃቡ፣ የነዳጁ ዋጋና ደመወዙ እንዳለ ሆኖ፣ የዚያ ጉድጓድ ነገር ቀላል አልነበረም።

ባለትዳሮች ሌላ ታሪክ አላቸው። በየካምፑ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች በረድፍ ይሠራሉ። የጎረቤት ጠብ ቃል በቃል ይሰማል፣ ማን ምን ወጥ እንደሠራ ከሽታው ይታወቃል። የካምፕ ልጆች ካደጉ በኋላም እንደ ዘመዳሞች የሚፈላለጉት ለዚህ ነው። ቤቱ ግን የሥራው ነው፤ አባት ሲዛወር ወይም ሲሞት ቤተሰቡ ዕቃውን ይሸክፋል።

አሁን ከተማዋ ብዙዎቹን ካምፖች ውጣቸዋለች። ጦር ኃይሎችና ሲግናል ዛሬ የታክሲ መጫኛ ናቸው። የቤት ኪራይም አብሮ ወደ ዳርቻው ወጣ። ከካምፕ ውጭ ማደር የተፈቀደለት ወጣት አሥር አለቃ ቡራዩ ወይም ቢሾፍቱ ላይ በሩ የሚቆለፍ ክፍል ፈልጎ ይከራያል። ደመወዙ ብቻውን ስለማይችለው ታዲያ፣ ብዙ ጊዜ ኪራዩን የሚጋራው ያው ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ጓደኛው ነው።