የድራማ ክፍሎች በውክፔዲያ፦ አሰያየምና ገለጻ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጸሐፍት

የክፍል ጽሑፍ የሚባለው በአንድ ምሽት ስለተላለፈ አንድ የድራማ ክፍል ብቻ የሚጻፍ ገጽ ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አሠራር ርዕሱ ክፍሉ ራሱ የተሰየመበት ስም ነው፤ የድራማው ስም በቅንፍ የሚከተለው ስሙ ከሌላ ነገር ጋር ሲጋጭ ብቻ ነው። የእኛ ድራማዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ለየክፍሉ ስም አያወጡም፤ «ምዕራፍ 2 ክፍል 14» ብለው ያልፋሉ። ለእንዲህ ያለው ክፍል ገጽ ከመክፈት በድራማው ገጽ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ ረድፍ መስጠት ይሻላል። የራሱ ገጽ የሚገባው ከአዘጋጆቹ ውጪ ያሉ ጋዜጦችና ሐያስያን በሰፊው የጻፉበት ክፍል ነው፤ እሱም ብዙ አይደለም።

ስም ያለው ክፍል ሲገኝ ወሎ ላይ የስም ግጭቱ ቶሎ ይመጣል። አንድ ክፍል «ባቲ» ተባለ እንበል። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለች ከተማ ናት፣ የዜማ ቅኝትም ነው። «አምባሰል»ም ቦታም ቅኝትም ነው፤ «ቦርከና» ደግሞ ወንዝ። ስለዚህ ርዕሱ «ባቲ» ተብሎ በቅንፍ የድራማው ስም ይገባበታል፤ «ባቲ ድራማ» ከተባለ ግን ድራማው ራሱ ባቲ የሚባል ይመስላል።

ፊደሉ ሌላ ጣጣ አለው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ፣ ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። ርዕሱ በስክሪኑ ላይ እንደተጻፈው ተቀምጦ ለቀሩት አጻጻፎች መምሪያ መንገድ፣ ማለትም አንባቢውን ወደዚያ ርዕስ የሚወስድ ገጽ፣ ይከፈታል። ይህ ሲዘነጋ ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ ለአንድ ክፍል ሁለት ገጽ ይጽፋሉ።

ብዙ ስህተት የሚገኘው ግን ቁጥርና ቀን ላይ ነው። ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ በአገሩ አንዱ ክፍል ወደ 2 ሰዓት ስለሚፈጅ ለውጭ ገበያ ተቆራርጦ ይሸጣል፤ የእኛ ክፍል 3 የእነሱ ክፍል 1 ማብቂያ ሊሆን ይችላል። የትኛው ቆጠራ እንደሆነ ካልተነገረ ሰንጠረዡ ሁሉ ይንሸራተታል። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው፦ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ሲሆን በማግስቱ 2025 ይገባል። «7 ዓመት ጨምር» ብቻ ብሎ የያዘ ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን ሁሉ ያሳስታል። «ምሽት 3 ሰዓት» የሚለውም በውጭ አቆጣጠር 21፡00 ነው፤ 15፡00 ብለው የሚጽፉ አሉ።

የታሪኩ ማጠቃለያ በእንግሊዝኛው መመሪያ ከ400 ቃል፣ በሰንጠረዥ ውስጥ ደግሞ ከ200 ቃል አይበልጥም። «አላገኘኋትም» አንድ ቃል በሆነበት ቋንቋ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ግሱ «ትመለሳለች፣ ያገኛታል» እያለ ይሄዳል፤ «ተመልሳ ነበር» አይባልም፣ ምክንያቱም ክፍሉ በታየ ቁጥር ትመለሳለች። መጨረሻውን መደበቅ አያስፈልግም። ለማጠቃለያው ክፍሉ ራሱ ምንጭ ነው፤ «ልብ የሚነካ ትዕይንት» ለሚል ፍርድ ግን የሐያሲ ጽሑፍ ይጠየቃል።

የደሴ ሰው አንድ ተጨማሪ ፈተና አለበት። ከተዋናይዋ ጀርባ የጦሳን ተራራ ያያል፣ የፒያሳን መንገድ ይለያል፣ ወዲያው «ደሴ ውስጥ የተቀረጸ» ብሎ ሊጽፍ እጁን ይዘረጋል። ዓይኑ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የድራማው መጨረሻ ጽሑፍ ወይም የታተመ ቃለ ምልልስ ካልደገፈው ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው አይችልምና ይሰረዛል። ያየውን ከነደቂቃው በውይይት ገጹ ላይ ያኑር፤ ምንጭ ያገኘ ሰው ወደ ጽሑፉ ያስገባዋል።