ብሌችሊ ፓርክን የመራው ማን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቱሪንግ የሚባል ሊቅ ብቻውን ቁጭ ብሎ የጀርመኖችን ምስጢር ፈታ፤ ኮሚቴዎቹማ ሥራ ከማጓተት በቀር ምን ፈየዱ?» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ምስጢር ፈቺዎች ስለሠሩበት ስለ ብሌችሊ ፓርክ ይህን ስሰማ ዓመታት አለፉ። ዕድሜዬን በሬዲዮ መገናኛ ሥራ ላይ ስላሳለፍኩ ነው መሰለኝ፣ ከሌላው ሰው ይልቅ እኔን ያናድደኛል።

ትንንሾቹን የተሳሳቱ አመለካከቶች ቶሎ ላሳልፍ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)።

«ኢኒግማን (ጀርመኖች መልእክታቸውን በምስጢር የሚጽፉበትን ማሽን) መጀመሪያ የፈቱት እንግሊዞች ናቸው።» አይደሉም። ፖላንዳዊው የሒሳብ ሰው ማሪያን ሬየቭስኪ በ1932 መጨረሻ ፈቶታል። እንግሊዞች ግኝቱን የተረከቡት በጁላይ 1939 ነው።

«ቸርችል የእንግሊዟ ከተማ ኮቨንትሪ እንደምትደበደብ ከተፈታው መልእክት እያወቀ ዝም አለ።» ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ቸርችል ድብደባውን የጠበቀው ለንደን ላይ ነበር።

«ነገሩ የአውሮፓ ብቻ ነው።» በ1941 እኛው አገር ጣሊያንን ሲወጋ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የጠላቱን የምስጢር መልእክት ያነብ ነበር።

አሁን ወደ ኮሚቴው። ሰው የሚስተው ኢኒግማ አንድ ቁልፍ ያለው አንድ ምስጢር ስለሚመስለው ነው። የጀርመን አየር ኃይል፣ ምድር ጦርና ባሕር ኃይል እያንዳንዳቸው በርካታ የሬዲዮ መረቦች ነበሯቸው፤ የየመረቡ ቁልፍ ለየብቻ ነው፣ አብዛኛውም በየቀኑ ይለወጣል። የሬዲዮ መቀበያው ጥቂት፣ «ቦምብ» የሚሏቸው ቁልፍ ፈላጊ ማሽኖችም ጥቂት። ታዲያ የትኛው ይደመጥ? የትኛውስ ይቅር? መቀበያዎቹ ደግሞ የየጦር ክፍሉ ንብረት ናቸው። የጀርመን አየር ኃይልን ኢኒግማ ሲጠልፍ የነበረው ቻተም ያለው የእንግሊዝ ምድር ጦር ጣቢያ ነው፤ የምድር ጦር አዛዥ «ሰዎቼ ስለ አውሮፕላን ለምን ያዳምጣሉ?» ቢል አይፈረድበትም። ይህን የሚዳኘው የጦር ክፍሎቹና የብሌችሊ ሰዎች የሚቀመጡበት «ዋይ ኮሚቴ» ነበር («ዋይ» የሬዲዮ ጠለፋ ሥራው መጠሪያ ነው)፤ በ1941 ለኢኒግማ ብቻ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመለት።

ዋናው መረብ በሁለት ጣቢያ ይደመጥ ማለት ለማያውቅ ሰው ብክነት ይመስላል። ሞገድ ሲደክም ፊደል ይጠፋል፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል። እኔ ሥር የነበረ አንድ ጀማሪ የጠፋበትን ፊደል በግምት ይሞላ ነበር። ስንት ጊዜ «ባዶውን ተወው!» ብየዋለሁ። ፈቺው የሚጀምረው መልእክቱ ውስጥ አለ ብሎ የገመተውን ቃል ከተጠለፈው ጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል ገጥሞ ነው፤ ፊደሉ ከተዛባ ማሽኑ በከንቱ ይሽከረከራል። ስለ ምስጢር ፈቺዎች የምታነቡ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ማን እንዳዳመጠ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው።

ሊቆቹም ይህን ያውቁ ነበር። የብሌችሊ ፈቺዎቹ ቱሪንግ፣ ዌልችማን፣ አሌክሳንደርና ሚልነር-ባሪ ኦክቶበር 21 ቀን 1941 አለቆቻቸውን አልፈው ለቸርችል ሲጽፉ የለመኑት ሌላ ሊቅ አልነበረም፤ ጸሐፊና ታይፒስት እንጂ። ቸርችልም ዛሬውኑ ይፈጸም ብሎ አዘዘ።

ኮሚቴ ሁሉ ብልህ ነበር አልልም። አሜሪካኖች የጃፓንን የዲፕሎማሲ መልእክት ለመፍታት ምድር ጦሩና ባሕር ኃይሉ ሲፎካከሩ፣ በ1940 ሙሉ ቁጥር ያለውን ቀን ምድር ጦሩ፣ ጎዶሎውን ባሕር ኃይሉ እንዲይዝ ተስማሙ፤ በኮሮና ጊዜ መኪኖቻችን በሰሌዳ ቁጥር ተራ እንደወጡት። ባሕር ኃይሉ ሥራውን ጠቅልሎ ለምድር ጦሩ የለቀቀው በ1942 ነው፤ ያም ቢሆን የሁለቱ ተወካዮች ጠረጴዛ ከበው ተነጋግረው።