መሬታቸውን መልሱላቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኅዳር 9 በኒቅያ የተሰበሰቡትን የ318ቱን ሊቃውንት ጉባኤ አክብረናል፤ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ጤፉ እየታጨደ ነው፤ አበዳሪውም ከወዲሁ አውድማውን እያየ ነው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዛሬ መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5ን ከፍተን እንቆይ።

ኢየሩሳሌም ከዓመት ተኩል ከበባ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ተቃጠለች። ነህምያ የከተማይቱን ቅጥር ሊሠራ ከፋርስ ከተማ ከሱሳ የመጣው በ445 ነው። በመካከሉ 140 ዓመት አለ። ያቃጠለው ናቡከደነፆር ሞቷል፤ ባቢሎንም ለፋርስ ወድቃለች። ከበባውን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው በሕይወት የለም፤ በሮቹ ግን እንደተቃጠሉ ናቸው። ከተማይቱ ሰፊ ሆና ሕዝቡ ጥቂት ነበርና (7፥4) በኋላ ከአሥር ሰው አንዱ ገብቶ እንዲኖርባት ዕጣ ተጣለ (11፥1)። መኳንንቱም ልባቸው ተከፍሎ ከሥራው ጠላት ከጦብያ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር (6፥17)። ጦርነት የሚያደርገው ይህን ነው፤ ሰውን ይበትናል፣ የቀረውም እርስ በርሱ እንዳይተማመን ያደርጋል።

ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። ሥራውን ሊያቆመው የደረሰው ግን የውጭው ጠላት የሰንባላጥ ዛቻ ብቻ አልነበረም፤ ከውስጥ ጩኸት ተነሣ። ጩኸቱ ሦስት ነው፤ ለይታችሁ አንብቡት። አንዱ ልጆቻችን ብዙ ናቸው፣ የምንበላው እህል የለንም አለ። ሁለተኛው እርሻችንን፣ ወይናችንን፣ ቤታችንን አስይዘን እህል እንሸምታለን አለ። ሦስተኛው ለንጉሡ ግብር በእርሻችን ላይ ብር ተበደርን አለ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ፣ ሥጋችን እንደ ወንድሞቻችን ሥጋ ነው፤ ሴቶች ልጆቻችን ባሪያ ሆነዋል፣ ልናድናቸውም አንችልም፣ እርሻችን በሌላ ሰው እጅ ነውና አሉ። ያ «ሌላ ሰው» ባቢሎናዊ አልነበረም። አብሯቸው ቅጥር የሚሠራ አይሁዳዊ ነበር።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በሰሜን በተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተጎዳውን ሕዝብ አስቡ። በአማራ ክልል ከዚያ ወዲህም ተኩሱ አላረፈም። በሬው ታርዶበት ወይም ተነድቶበት አንድ ብቻ የቀረው ገበሬ ምን ያደርጋል? ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል፤ አንድ በሬ ሣር ይበላል እንጂ አያርስም። እንደ እርሱ አንድ የቀረው ጎረቤት ካገኘ መቀናጆ ይገባሉ፤ ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው በተራ የአንዱንም የሌላውንም ያርሳሉ። ካላገኘ መሬቱን ለባለ ጥማዱ በእኩል ይሰጣል፤ ግማሽ ምርቱ ሄደ ማለት ነው። እርፍ የማትጨብጠዋ የሟች ሚስትም ዕድሏ ይኸው ነው።

ዘሩ ደግሞ አለ። ጤፍ በብተና ሲዘራ ለሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይበቃዋል። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር ያህል፣ ከሰባት ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ይህንኑ ግን በክፉ ቀን ልጆቹ በልተውታል። ሐምሌ ካለፈው ዝናቡ አይጠብቀውምና ይበደራል። ሐምሌ እህል የሚወደድበት፣ ጥር የሚረክስበት ወር ነው። ለምሳሌ ኩንታሉ ሐምሌ 12,000 ብር፣ ጥር 9,000 ብር ቢሆን፣ አንድ ኩንታል በብር ተተምኖ የተበደረ ሰው ያለ ምንም ወለድ 133 ኪሎ ይከፍላል። «በግማሽ ጨምረህ» ከተባለ 18,000 ብር ይሆናል። አንዱ ኩንታል በስድስት ወር ሁለት ሆነ።

ከሁሉ የሚከፋው ወለድ አገድ ነው። አበዳሪው መሬቱን ይዞ ያርሳል፤ ምርቱ ወለድ ይባላል፤ ዋናው ብር እንዳለ ይቆያል። ሦስት ዓመት ቢያጭድበትም ከዕዳው አንዲት ብር አትቀነስም። ባለመሬቱ ዕዳውን ሊከፍል የሚችለው በዚያው መሬት ነበር፣ መሬቱ ደግሞ በአበዳሪው እጅ ነው። ታዲያ በምን ይክፈል? ልጁ ትምህርቷን ትታ ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው በዚህ መንገድ ነው። «ሴቶች ልጆቻችን» የሚለውን ጩኸት እዚህ ስሙት።

ነህምያ እጅግ ተቆጣ ይላል። በልቡ አሰበና መኳንንቱንና ሹማምንቱን ፊት ለፊት ገሠጻቸው። እነርሱም ዝም አሉ፣ መልስም አላገኙም። ከዚያ የተናገረውን እወድለታለሁ፤ እኔም ወንድሞቼም ብላቴኖቼም አበድረናል፣ ይህን ወለድ እንተው አለ። ራሱን አላወጣም። እርሻውን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ ቤቱን፣ ከመቶ አንዱንም ዛሬውኑ መልሱላቸው አላቸው። ቀን አልሰጠም። ከመቶ አንድ የወር ወለድ ነው ይላሉ፣ በዓመት 12 በመቶ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለብድር ወለድ ያስቀመጠው ጣሪያም 12 በመቶ ነው። በወር ከመቶ አሥር የምትቀበሉ፣ ነህምያ የተቆጣበትን አሥር እጥፍ እየበላችሁ ነው። እየበላችሁም ትቀድሳላችሁ፣ ታስቀድሳላችሁ!

የኒቅያ አባቶች አርዮስን ብቻ አወገዙ እንላለን። በ17ኛው ቀኖናቸው ግን ያንኑ ከመቶ አንዱንና ያንኑ የእህሉን «ግማሽ ጭማሪ» በስሙ ጠርተው፣ ይህን የሚያደርግ ካህን ከማዕረጉ ይሻር ብለዋል። የጠቀሱትም በዳዊት የምንደግመውን፣ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር የሚለውን መዝሙር 14 ነው። በዓላቸውን በጸበል በጸዲቅ አክብረን ቀኖናቸውን በአውድማ ላይ ከሻርነው፣ ምኑን አከበርነው?

እናንተ ዕዳ የተሸከማችሁ፣ እግዚአብሔር ጩኸታችሁን በመጽሐፉ አስጽፎታል። አታፍሩበት፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ ሽማግሌ ጥሩ።

መሬት የያዛችሁ፣ ስንት አዝመራ እንዳነሣችሁበት ቁጠሩ። ዘርና ጉልበታችሁን አስቡለት፤ የተረፈው ካበደራችሁት ከበለጠ ዋናውም ተከፍሏል። መሬቱን ከመጀመሪያው እርሻ በፊት መልሱ፤ ጤፍ ሦስት አራት ጊዜ መታረስ አለበትና ሰኔ ላይ የተመለሰ መሬት ለዘንድሮ አይሆንም። በውጭ ያላችሁ፣ የዘመዳችሁ መሬት በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ፤ ዋናውን ብር ስትልኩ በሽማግሌ ፊት ይከፈል፣ ውሉም እዚያው ይቀደድ። ነህምያ በቃል ብቻ አላመነም። ካህናቱን ጠርቶ አስማላቸው፣ የልብሱንም ዘርፍ አራግፎ፣ ይህን ቃል የማይፈጽመውን እግዚአብሔር እንዲህ ከቤቱና ከሥራው ያራግፈው አለ። ጉባኤውም ሁሉ አሜን አለ።