«ፓስዎርድ አለው፣ አብሽር»፦ በካፌ ዋይፋይ ላይ የተሳሳትናቸው

ደሴ ፒያሳ ካፌ ገብቶ፣ ማኪያቶ ሳያዝ «የዋይፋዩ ፓስዎርድ ስንት ነው?» የማይል ወጣት ብርቅ ነው። እኔም እጠይቃለሁ። መጠቀሙ ክፋት የለውም፤ የምናምነውንና የምንፈራውን ግን አቀያይረነዋል።

«ፓስዎርድ ስላለው አስተማማኝ ነው።»
ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፓስዎርድ ለገባው ሁሉ የታደለ ቁልፍ ነው። ደብልዩፒኤ2 በሚባለው የዋይፋይ ማመስጠሪያ አሠራር፣ ፓስዎርዱን የሚያውቅ ሰው ስልካችንና ራውተሩ መጀመሪያ ሲገናኙ የሚለዋወጡትን ካጠመደ ቀጥሎ የሚያልፈውን መፍታት ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው ደብልዩፒኤ3 ይህን ቀዳዳ ደፍኗል፤ ራውተሩም ስልኩም ካላቸው ነው ታዲያ።

«እንግዲያው ጎኔ ያለው ሰው የባንክ ፓስዎርዴን ያነባል።»
ይህ የድሮ ፍርሃት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ፋየርሺፕ የተባለች የፋየርፎክስ ቅጥያ ስትወጣ፣ ክፍት ዋይፋይ ላይ ያለን ሰው የፌስቡክ አካውንት በአንድ ጠቅታ መክፈት ይቻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ድረ ገጾች በስልካችንና በድረ ገጹ መካከል ያለውን ግንኙነት ወደሚያመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስ ዞሩ። አሁን የሚታየው ፖስታው ነው፤ የትኛው ድረ ገጽ እንደገባን ይታወቃል፣ ውስጡ የጻፍነው ግን አይነበብም። ብሮውዘሩ «ግንኙነቱ የግል አይደለም» ብሎ እያስጠነቀቀን «ቀጥል» ካልን ግን ደብዳቤውንም በገዛ እጃችን ከፍተን ሰጠን።

«አድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት ካለው ድረ ገጹ ታማኝ ነው።»
መስመሩ ተመስጥሯል ማለት ብቻ ነው፤ አጭበርባሪም በነጻ ያገኘዋል። ሰው ይህን ስለሚሳሳት ጎግል በ2023 እ.ኤ.አ. ምልክቱን ከክሮም አነሳው።

«ኢንኮግኒቶ ከፍቻለሁ።»
ኢንኮግኒቶ ብሮውዘሩ የጎበኘነውን እንዳያስቀምጥ የሚያደርግ መስኮት ነው፤ የሚረሳው ስልካችን ነው። ራውተሩ አይረሳም።

«የዋይፋዩ ስም የሆቴሉ ነው።»
ስም ማንም ያወጣል። ኮምቦልቻ ሆቴል ውስጥ ፓስዎርድ የሌለው ዋይፋይ የለመደ ስልክ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ላይ ያንኑ ስም ካገኘ ሳይጠይቀን ሊገባ ይችላል። ስሙን ከስልኩ ማጥፋት፣ ወይም በራሱ እንዳይገናኝ ማድረግ ነው።

«ቪፒኤን ካለኝ ማንም አያየኝም።»
ቪፒኤን ግንኙነታችንን አመስጥሮ በራሱ ኮምፒውተር በኩል ያሳልፋል፤ ከካፌው ሸሽተን ለቪፒኤኑ ባለቤት ተሰጠን። ነጻ ከሆነ ደግሞ በምን እንደሚተዳደር መጠየቅ ነው።

«በነጻ ስለተጠቀምኩ መብት የለኝም።»
አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምናደርገውን ግንኙነት ይጠብቃል፤ የሌላውን መጥለፍ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ዋይፋይ ለመስጠት ስልክ ቁጥራችንን የሚመዘግብ ቤትም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለበት።

«ሌባው በአየር ነው የሚመጣው።»
ከኋላችን ቆሞ የቴሌብር ፒናችንን ስንነካ የሚያይ ሰው ኤችቲቲፒኤስ አያግደውም። የካፌ መስታወትም አለ። እኔ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው፤ ቦታው ከተያዘ ክፍያውን ቤት ገብቼ እጨርሳለሁ።