ሼር፣ ስጦታ እና እርዳታ፦ እንደዋዛ የምናምናቸው ስህተቶች

“ወገኖቼ፣ ሕይወት እናድን” የሚል ፖስት ሳያዩ መዋል ከባድ ሆኗል። የኩላሊት እጥበት፣ የልብ ቀዶ ጥገና፣ የውጭ ሀገር ሕክምና። በዚህ መንገድ የዳኑ ብዙ ናቸው፤ ለዚያ ነው ነገሩን በደንብ ማወቅ ያለብን።

“ሼር ማድረግ ምን ይጠቅማል?”
ይጠቅማል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሰዎች በረዶ ያለበት ውሃ እራሳቸው ላይ ሲያፈሱ የነበረው ዘመቻ፣ ኤኤልኤስ በተባለው የነርቭ በሽታ ላይ ለሚሠራው የአሜሪካ ማኅበር 115 ሚሊዮን ዶላር አስገኝቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. የኡጋንዳው አማፂ መሪ ጆሴፍ ኮኒ እንዲያዝ የወጣው ቪዲዮ ደግሞ በስድስት ቀን 100 ሚሊዮን ጊዜ ታየ፤ ሰውየው ግን እስካሁን አልተያዘም። የበረዶው ዘመቻ ግን ተመልካቹ ምን ማድረግ እንዳለበት በግልጽ ነገረው፦ አፍስስ፣ ስጥ፣ ጓደኞችህን ጥራ። ሼር ስታደርጉ የሒሳብ ቁጥሩና የባለቤቱ ስም አብሮ ይሂድ።

“በቲክቶክ ላይቭ የላክሁት ስጦታ ሙሉውን ይደርሳል”
አይደርስም። ቲክቶክ ከስጦታው ድርሻ ይወስዳል። ቢቢሲ በ2022 እ.ኤ.አ. በላይቭ እርዳታ በሚጠይቁ የሶሪያ ተፈናቃዮች ላይ በሠራው ምርመራ እስከ 70 በመቶ እንደሚቆረጥ ዘግቧል፤ ኩባንያው ድርሻዬ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው ብሏል። ለማንኛውም፣ ለታማሚ ብላችሁ ከሆነ አንበሳና ጽጌረዳ የሚባሉትን የላይቭ ስጦታዎች ትታችሁ በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ።

“ፎቶው ካላስለቀሰ ሰው አይሰጥም”
እኔን በጣም የሚያመኝ ይሄኛው ነው። ራቁቱን አልጋ ላይ የተኛ ሕፃን፣ ቁስሉ በቅርበት ተነስቶ፣ ከሥሩ አሳዛኝ ሙዚቃ። ልጁ ይድናል፣ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል። ፎቶው ግን የትም አይሄድም፤ የክፍል ጓደኞቹ አንድ ቀን ያገኙታል። “ቤተሰቡ ፈቅዷል” ይባላል። ልጇ የሚሞትባት እናት ካሜራ ለያዘ ሰው እንዴት እምቢ ትላለች? የእናትየው ድምፅ፣ የሕክምናው የወጪ ግምት፣ የካርድ ቁጥሩ የተሸፈነ የሐኪም ወረቀት ይበቃል። ፊት ሳይታይም ሰው ይሰጣል።

“ማስረጃ መጠየቅ ጭካኔ ነው”
አጭበርባሪ የሚወደው ይህን ዝምታ ነው። የእውነተኛ ታማሚ ፎቶና የሜዲካል ቦርድ ወረቀት ይወሰድና የሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ይቀየራል። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን አያስተማምንም። የባንክ መተግበሪያችሁ ከማስተላለፋችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ካሳያችሁ፣ ፖስቱ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ቁሙ፣ ደውላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ ችግር ያለበት ሰው በጥያቄ አይቀየምም።

“ጎፈንድሚው በሌላ ሰው ስም ነው፤ ሌባ ነው”
የግድ አይደለም። ጎፈንድሚ የተባለው የኢንተርኔት የእርዳታ ማሰባሰቢያ ገንዘቡን ኢትዮጵያ ወዳለ ባንክ በቀጥታ ስለማይልክ፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ በስሙ ይከፍታል። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ከታማሚው ጋር ምን ያገናኘዋል? ብሩን በምን መንገድ ያደርሳል? ይህን ገጹ ላይ ከመጀመሪያው የጻፈ ሰው ብዙ ጥርጣሬ ያስቀራል።

“ገንዘቡ ከሞላ ሥራው አለቀ”
ፖስቱ ግን መዞሩን አያቆምም። ታማሚው ድኖም፣ አርፎም ሰው ሲልክ ይኖራል። ዘመቻውን የጀመረ ሰው እዚያው ፖስት ላይ “ሞልቷል፣ እናመሰግናለን” ብሎ ይጻፍ፣ የገባውንና የወጣውን ያሳይ፣ የሒሳብ ቁጥሩንም ያጥፋ።