«ዋሽንቱ የኛ ነው፤ ዘፈኑም የአቤል ነው»፦ ስለ ብላክ ፓንተር ሙዚቃ የሚባለውና እውነታው

ከኮሚክ መጽሐፍ የተወለደው ፊልም ብላክ ፓንተር አሜሪካ ውስጥ ለእይታ የበቃው የካቲት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ሌላ ወሬ ነበራት። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን እንደሚለቁ ካስታወቁ ገና በማግሥቱ ነበር። ስለዚህ እዚህ ስለ ፊልሙ ማውራት የተጀመረው ቆየት ብሎ ነው። አንዴ ከተጀመረ ግን አላቆመም። ዛሬም ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለ በየትኛውም ካፌ የኮሚክ ፊልም ወሬ ከተነሳ፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ጨዋታው የፊልሙ ምናባዊ አገር ዋካንዳ ይገባል።

ስለ ታሪኩ የሚባለው አብዛኛው ልክ ነው። ስለ ሙዚቃው የሚባለው ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ መልኩን እየቀየረ ሄዷል። ይህን ሙዚቃ በጣም ነው የምወደው። የሠሩት ሰዎች ስማቸው ሲዘለል ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ደጋግመው የሚነሱትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሙዚቃውን የሠራው አቤል ነው»

ይህ አባባል የሚመጣው ከፍቅር ነው። ዘ ዊከንድ፣ ማለትም አቤል ተስፋዬ፣ ቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ልጅ ነው። ስሙ የትም ሲነሳ ደስ ይለናል። በፊልሙ ውስጥም ድምፁ አለ። አክተሩ፣ ማለትም የፊልሙ ጀግና ትቻላ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ከተማ፣ ቁማር ቤት ሲገባ የሚሰማው «ፕሬይ ፎር ሚ» አቤል ከአሜሪካዊው ራፐር ከኬንድሪክ ላማር ጋር የዘፈነው ነው።

ግን አንድ ዘፈን ነው። ከዚህ ፊልም ጋር ሁለት የተለያዩ አልበሞች ወጥተዋል። አንዱ ኬንድሪክ ላማር የመራው የዘፈን ስብስብ ነው። የአቤል ዘፈን ያለው እዚያ ላይ ነው። ሌላው ከትዕይንቱ ሥር የሚሄደው ማጀቢያ ሙዚቃ ነው። እሱን የደረሰው ሉድቪግ ዮራንሶን የሚባል ስዊድናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካር ያገኘው ይህ ሁለተኛው ነው። ከኬንድሪክ ስብስብ «ኦል ዘ ስታርስ» በምርጥ ዘፈን ዘርፍ ታጭቶ ነበር፤ አላሸነፈም።

«ያ ዋሽንት የኛ ነው»

በዚህ ላይ የሚሟገት ሰው ሁሌም እርግጠኛ ነው። ጆሮው የሰማውን ነው የሚያወራው፤ አልፈርድበትም። ኪልሞንገር፣ ማለትም ቦሱ፣ ብቅ ሲል አንድ ሸካራ የእንጨት ዋሽንት ይሰማል። እረኛ የሚነፋው ይመስላል። ግን የኛ ዋሽንት አይደለም።

መሣሪያው የፉላኒዎች ዋሽንት ነው፤ ታምቢን ይባላል። የሚታወቀው በምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይ በጊኒ ፉታ ጃሎን ከፍታዎች ነው። የሚሠራው ከሐረግ ግንድ ሲሆን የጣት ቀዳዳዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። የኛው ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ ከሸምበቆ ተሠርቶ አራት ቀዳዳ ይበሳለታል፤ የሚነፋውም በጫፉ ነው። የፉላኒው ግን በአግድም ተይዞ በጎኑ ባለ ቀዳዳ ነው የሚነፋው። የኛዎቹን የባህል መሣሪያዎች ቀረብ ብሎ ማየት የፈለገ ስድስት ኪሎ ድረስ ይሂድ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ሙዚየም ከነመስታወቱ ደርድሮ ያሳየዋል።

ትልቁ ልዩነት ግን አነፋፉ ላይ ነው። የፉላኒ ነፊ እየነፋ ይናገራል። ከትንፋሹ ጋር ድምፁን ያስገባል፤ ያጉረመርማል፣ ይጮኻል፣ ቃል ይወረውራል። ለዚያ ነው ድምፁ የተሰነጠቀ የሚመስለው። አንድ ጊዜ ጥርት ያለ ዜማ ትሰማላችሁ፣ ወዲያው ደግሞ የሰው ጩኸት ይቀላቀልበታል። ነፊው አማዱ ባ ይባላል። ዮራንሶን ስለ ኪልሞንገር ማንነት አጫወተው፤ አማዱ ደግሞ ገጸ ባሕሪውን በትንፋሹ ተጫወተው። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። አንድ ነፊ ስክሪፕት ሳይዝ፣ ካሜራ ፊት ሳይቆም፣ የፊልሙን ቦስ ግማሽ ማንነት ሠራው።

እዚያው ዋሽንት ሥር ከባድ ቤዝ አለ፤ የአዲስ አበባ ቢት ሠሪዎች «ኤይት ኦ ኤይት» የሚሉት። በአሜሪካ ሂፕ ሆፕ ውስጥ የገነነ ድምፅ ነው። ኪልሞንገር ያደገው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው፤ አባቱ የዋካንዳ ሰው ነው። ዋሽንቱ የአባቱ አገር፣ ቤዙ ያደገበት ሰፈር። ማንም ቁጭ ብሎ ሳያስረዳን ሙዚቃው የሁለት ቦታ ልጅ መሆኑን ይነግረናል።

«ፈረንጁ ስቱዲዮ ተቀምጦ በኮምፒዩተር የሠራው ነው»

አይደለም። ዮራንሶን ስክሪፕቱን እንዳነበበ ሴኔጋል ሄዷል። እዚያ የታዋቂውን ዘፋኝ የባባ ማልን ጉብኝት ተከትሎ ከከተማ ከተማ ዞረ። ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ በሮድስ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ሙዚቃ ቤተ መዛግብት አጠና። ይህ ተቋም ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአህጉሩን ቅጂዎችና መሣሪያዎች ሲሰበስብ የኖረ ነው። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለርና ዮራንሶን ደግሞ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ነው የተዋወቁት። ስለዚህ ሥራውን የጀመሩት ገና ከስክሪፕቱ ነው።

አውሮፕላኑ ወደ ዋካንዳ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ የባባ ማል ነው። የሚዘፍነው በፉላኒ ቋንቋ ነው። ስለ ሞተ ዝሆን ያዜማል። ዝሆኑ ንጉሡ ነው። አሮጌው ንጉሥ አልፏል፣ አዲሱ ሊነሣ ነው ማለት ነው። በፊልሙ አባትየው ሞተው ልጅየው ዘውድ ሊጭን የሚመጣው በዚያው ሰዓት ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም።

ከበሮውስ? አክተሩ ትቻላ በመጣ ቁጥር የሚሰማው ታማ ይባላል። የሚመታው ሴኔጋላዊው ማሳምባ ዲዮፕ ነው። መሣሪያው ትንሽ ነው፣ ወገቡ ቀጭን ነው፣ ብብት ሥር ይገባል። ሁለቱን ቆዳዎች የሚያያይዙ ገመዶች ዙሪያውን ተወጥረዋል። ተጫዋቹ በክንዱ ጨመቅ ሲያደርገው ቆዳው ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል፤ ለቀቅ ሲያደርገው ይወፍራል። በአንድ እጁ የተቆለመመ በትር ይዞ፣ በሌላው በጣቶቹ ይመታዋል። በዚህ ዘዴ ከበሮው የሰው ንግግር ውጣ ውረድን ይከተላል። ማሳምባ የሚመታው የንጉሡን ስም ነው። «ትቻላ» እያለ ይጠራዋል። የኛ ከበሮ ግርማ አለው፤ በክንድ ተጨምቆ ስም ሲጠራ ግን አልሰማሁም። ፊልሙ ከኦርኬስትራ ጋር በኮንሰርት መልክ ሲቀርብ መድረኩ ላይ ወጥቶ ታማውን የተጫወተው ራሱ ማሳምባ ዲዮፕ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ የማከብረው ቅሬታ አለ። «ሽልማቱን ለምን ስዊድናዊ ወሰደው?» የሚለው። ደራሲው እሱ ነው፤ ኦርኬስትራውን የጻፈውም፣ ሁሉን ያዋሐደውም እሱ ነው፤ ይገባዋል። ግን ከበሮው የማን እጅ፣ ትንፋሹ የማን ደረት እንደሆነ ስም ጠርቶ መናገር የኛም ሥራ ነው። «ኮምፒዩተር ነው» ያልን ቀን ማሳምባን፣ አማዱንና ባባ ማልን ራሳችን ሰረዝናቸው።

«ዋካንዳ ማለት ኢትዮጵያ ናት»

በቅኝ ግዛት ያልተያዘች የአፍሪካ አገር ሲባል አድዋ ትዝ ቢለን አይፈረድብንም። ግን ዋካንዳ ምናባዊ አገር ናት። ብላክ ፓንተርን የፈጠሩት ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ ሲሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣው በ52ኛው የፋንታስቲክ ፎር ኮሚክ መጽሔት እትም ላይ ነው። ፊልሙ ደግሞ ከብዙ ቦታ ነው የለቀመው። ብርድ ልብሱ ከሌሶቶ፣ ቀዩ ቀለም ከናሚቢያ ሂምባዎች፣ ከበሮው ከሴኔጋል። ከኛም አለ። የወንዙ ነገድ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ያደረገው ሸክላ የሙርሲና የሱርማ ነው። ሙዚቃው ውስጥ ግን ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም ፈልጋችሁ አትደክሙ።

የሚናገሩትም የፈጠራ ቋንቋ አይደለም። ቆሳ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች በየቀኑ የሚነጋገሩበት፣ ኔልሰን ማንዴላም አፍ የፈቱበት ቋንቋ። ወደ ፊልሞቹ ያስገቡት የትቻላ አባት ሆነው የተወኑት ደቡብ አፍሪካዊው ጆን ካኒ ናቸው።

«የኮሚክ ፊልም ሙዚቃ ጩኸት ነው»

ግማሹ እውነት አለው። ብዙ ዳይሬክተሮች ፊልማቸውን ሲያርሙ ከሌላ ፊልም የተዋሱትን ሙዚቃ ለጊዜው ያስገባሉ። ጆሯቸው እሱን ይለምዳል። በመጨረሻ ደራሲውን ጠርተው «እንደዚህ ያለ ሥራልን» ይሉታል። እንደዚህ ያለ ሲባል እንደዚያው ያለ ይመጣል። ብዙ የሱፐርሂሮ ፊልሞች ዓይን ጨፍነው ሲሰሙ አንድ ዓይነት የሚመስሉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ግን ሁሉም እንደዚያ አይሠራም። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው የባትማን ፊልም፣ በዘ ዳርክ ናይት፣ የሙዚቃ ደራሲው ሃንስ ዚመር ለቦሱ ለጆከር የሰጠው ዜማ እንኳ አይደለም። የተወጠረ የቼሎ ድምፅ ነው፤ አንዷ ኖታ ላይ ቆሞ እየከረረ የሚሄድ። ጩኸት የለውም፤ ግን ወንበር ላይ ያቁነጠንጣል።

በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ጆከር በተባለው ፊልም ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ተገላብጧል። አይስላንዳዊቷ ቼሊስት ሂልዱር ጉድናዶቲር ሙዚቃውን መጻፍ የጀመረችው ስክሪፕቱን ብቻ አንብባ፣ ቀረጻ ሳይጀመር ነው። ጆከር የመጀመሪያውን ግድያ ከፈጸመ በኋላ ሮጦ የሚገባበት ሽንት ቤት ትዝ ይላችኋል? እዚያ የሚደንሰው ዳንስ ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ቶድ ፊሊፕስ የሂልዱርን ቼሎ ለዋኪን ፊኒክስ አሰማው፤ ሰውየው መንቀሳቀስ ጀመረ። ስለዚህ «ሙዚቃ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ነው» የሚለውም እዚሁ ላይ ይወድቃል። ሂልዱር በ2020 እ.ኤ.አ. ኦስካሩን ወሰደች። ከብላክ ፓንተር ጋር ስትደምሩት፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት የምርጥ ማጀቢያ ሙዚቃ ሽልማት ያገኙት ከኮሚክ የተወለዱ ፊልሞች ናቸው።

«አየሁት እኮ፣ ሙዚቃው ይህን ያህል አይደለም»

ይህን የሚል ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን አየኸው?» ብዬ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ከቴሌግራም አውርዶ፣ ወይ በፍላሽ አስገልብጦ፣ የአማርኛ ትርጉም ያለውን ነው ያየው። ትርጉም ፊልም ለብዙ ሰው በር ከፍቷል፤ እናቴም ዓለምን የምታየው በሱ ነው። ሙዚቃውን ግን ይበላዋል። ተርጓሚው አፉን በከፈተ ቁጥር የፊልሙ ድምፅ ይወርዳል። ቆሳው ይጠፋል፣ ባባ ማልም አብሮ ይጠፋል። ታማው ንጉሡን ሲጠራ እላዩ ላይ «እናም በዚህ ጊዜ ትቻላ...» የሚል ይመጣል።

በዚያ ላይ ስልኩ አለ። የስልክ ስፒከር ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ በወጉ አያወጣም። ያ ሁሉ የኤይት ኦ ኤይት ቤዝ የሚኖረው ደግሞ እዚያ ታች ነው። ታክሲ ውስጥ በስልክ ያየ ሰው የኪልሞንገርን ዋሽንት ይሰማል፤ ኦክላንዱን አይሰማም። ከሁለት ማንነት አንዱ ብቻ ነው የደረሰው። ከዚያ «ቀላል ዋሽንት ነው» ይላል። እሱ ምን ያድርግ?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ደህና ኢርፎን ተዋሱ። ፊልሙን ተዉትና ማጀቢያውን ለብቻው ዩቲዩብ ላይ ፈልጉ፤ የኬንድሪክን ሳይሆን የዮራንሶንን። «ዋካንዳ» ከሚለው ጀምሩ፤ መጀመሪያ የምትሰሙት ሰው ባባ ማል ነው። ቀጥላችሁ «ኪልሞንገር» የሚለውን ክፈቱ። ጊዜ የለኝም ለሚል አንዱን ብቻ ብመርጥለት ሁለተኛውን እመርጥለታለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ቤዙ ሲገባ ድምፁን እንዳይቀንሰው።